ገለፈቱ ሲናገር

ከለውዝ መቁያው ቤት ጀርባ ቀይ ኮረብታ አለ። ኮረብታ ሲባል ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ የገለፈት ክምር ነው። ለውዝ ተቆልቶ ሲታሽ ያ ስስ ቀይ ልብሱ ይወልቃል፤ ማራገቢያው በቱቦ እየነፋ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓሮ ይተፋዋል፤ እዚያው ይከመራል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ባሰጣው ልብስ ላይ ቀይ ብናኝ ያርፋል፤ ሰፈርተኛውም የመቁያ ቤቱን ሰባት ትውልድ ይረግማል። ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል።

ለቆዪው ልጅ ግን ያ ክምር ቆሻሻ ሆኖባት አያውቅም። አባቷ እሳቱ ፊት ቆሞ፣ እናቷ ከለውዝ ለቃሚዎቹ ጋር ተቀምጣ ሲውሉ እሷ ያደገችው እዚያ ላይ ነው። ገለፈት ከጥጥ ይለሰልሳል፤ ገና ከመቁያው ሲወጣ ደግሞ እንደ እናት ጀርባ ይሞቃል። በጀርባዋ ተንጋልላ ሰማዩን ስታይ፣ በእንቅልፍና በንቃት መሐል፣ ኮረብታው ከመሬት ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላት ነበር። ከታች ሰዎች ልብሳቸውን ሲያሰጡ ታያለች፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

ዝናብ ሲጥል ከክምሩ ሥር ቀይ ውሃ እየመነጨ በቦዩ ይወርዳል። አንድ ቀን በእፍኟ ጨልፋ ጠጣችው። ውሃው ምላሷን ጨምድዶ ያዘው፤ ጉንጮቿ ወደ ውስጥ የተሳቡ መሰላት። አፏ ቀልቶ ስትገባ እናቷ ደም መስሏት ጩኸቷን አቀለጠችው። አባቷ ግን ከንፈሯን በጣቱ ጠረገና ጣቱን ቀምሶ «ዝናብ ነው» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ቀይ ውሃ በቦዩ ሲወርድ ባየች ቁጥር ደህና ነገር እየተደፋ እንደሆነ ይሰማት ነበር። ምን እንደሆነ ግን አታውቅም።

ያንን ለማወቅ ነው የተማረችው። ሌላው ተማሪ ለምን ኬሚስትሪ እንደመረጠ ሲጠየቅ ረጅም ምክንያት ይደረድራል፤ እሷ «ቀይ ውሃ ጠጥቼ» ብላ ታልፈዋለች። ምላስ የሚይዘው ነገር ተክሉ ለፍሬው ያለበሰው ጋሻ መሆኑን ደረሰችበት። መጽሐፉ ፖሊፊኖል ይለዋል። ፍሬውን ከአየርና ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ከገለፈቱ ወጥቶ ዘይት ውስጥ ቢገባም ያው ሥራውን አይረሳም፤ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይከላከላል። እንግዲህ ያ ቤት ለዘመናት ዘበኛውን በጓሮ እያባረረ ፍሬውን ያለ ጠባቂ ሲሸጥ ኖሯል ማለት ነው።

ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ እናቷ አርፋ ነበር፤ አባቷ ግን አሁንም መቁያው ፊት ቆሟል። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ባል የሞተባት ሴት፣ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ ነበር። ቤቱን የሚያኖረው የለውዝ ቅቤ ነው፤ ቅቤው ደግሞ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ሲሰነብት ዘይቱ ይሸታል፣ ይመራል። ባለሱቆቹ ጠርሙሱን እየመለሱ ነው። ስለዚህ የቆዪው ልጅ መጥታ ከቆሻሻው መድኃኒት አወጣለሁ ስትላት እትዬ ብዙ አልጠየቀችም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የድሮውን የጆንያ ማስቀመጫ ክፍል ቁልፍ አወጣችና ሰጠቻት።

ክፍሉ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። ልጅቱ እዚያ ውስጥ ገለፈቱን በውሃና በአልኮል ትዘፈዝፋለች፣ በጨርቅ ታጠልላለች፣ አልኮሉን በቀስታ እያተነነች መልሳ ትሰበስባለች፤ በመጨረሻ ትሪው ላይ የሚቀረው የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አልፋ ግድግዳው ላይ ቀይ ኩሬ ትሠራለች። ኩሬው ቀስ እያለ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ልጅቱ አንዳንዴ ሥራዋን ትታ እሱን ስታይ ትቆያለች። ነጭ ጋዋኗ ከገባች በሳምንቷ ቀልቷል፤ ቢያጥቡት ቢያጥቡት አልነጣም አለ። ለቃሚዎቹም «ቀይ ውሃ» የሚል ስም አወጡላት።

ስም አውጪዋ ራዲዮ ናት። ራዲዮ የለቃሚዎቹ አለቃ ስትሆን፣ ከገባችበት ደቂቃ እስክትወጣ አፏ አይዘጋም፤ ለውዙን እጇ ይለቅማል፣ ሰውን ምላሷ ይለቅማል። አባትየውን «ጋሽ እሳት» ያለችውም እሷ ነች። «እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ ነበር የማውቀው፤ እሳት ውሃ ሲወልድ ያየሁት በዚህ ቤት ነው» ትላለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ማንም ሳይጠይቃት ደግሞ የዕቃ ዜና ታሰማለች። ጋሽ እሳት ከጓሮ ሲገባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዛሬ በግራ በኩል ቅርጫት አለ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ትላለች። ቀይ ውሃ ይህን ስትሰማ ሴትዮዋ ወሬ ሲያልቅባት ቅርጫት ማውራት ጀመረች ብላ በልቧ ትስቃለች። ሌላም የሚገርማት ነገር ነበር። እነዚህ ሴቶች ነጠላቸውን፣ ጫማቸውን፣ ኩባያቸውን የትም ይጥላሉ፤ ከመቁያው እስከ በሩ ባለው መተላለፊያ ላይ ግን አንዲት መጥረጊያ እንኳ ወድቃ አይታ አታውቅም።

አባቷ በዚያ ቤት የተከበረ ሰው ነው። ከእጁ የወጣ ያረረ ለውዝ ያየ የለም። መቁያው በእሳት ላይ የሚሽከረከር ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ አባቷ ከጎኑ ይቆማል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ሰዓት አያይም፣ ናሙና አያወጣም፤ ድንገት መዝጊያውን ይስበዋል፣ ለውዙ ወርቅ መስሎ ይፈስሳል። ልጁን ግን ያስከፋት ነበር። አዲስ ያጠለለችውን ጠርሙስ ወስዳ፣ ወደ ብርሃን አንስታ፣ «አባዬ እየው» ስትለው፣ ፊቱን ወደ እሳቱ እንዳዞረ «ጥሩ ነው» ይላታል። ሁልጊዜ «ጥሩ ነው»። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ እንዲያይላት የምትፈልገው እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ይህ ቅር አሰኝቷት ቆየ፤ ቅሬታው ሲውል ሲያድር እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ከዚያ ችግሩ መጣ። ከመቁያው የሚወጣው ገለፈት እሳት የነካው ነው። አንዳንዱ ደህና ነው፣ አንዳንዱ ተቃጥሎ ኃይሉን ጨርሷል፤ ዱቄቷም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። ብዙ ሞክራ አንድ መንገድ አገኘች። ለውዙ ከመቆላቱ በፊት ለስለስ ባለ ሙቀት ሞቅ ተደርጎ በሁለት ጎማ መሐል ቢታሽ ገለፈቱ ሳይቃጠል ሙሉውን ይወልቃል። ከዚህ የወጣው ዱቄት የገባበት ቅቤ ስንት ጊዜ ተቀመጠ፣ አልሸተተም። እትዬ ቀመሰችው፣ መልሳ ቀመሰችው፤ ከዚያ ለጋሽ እሳት ከእንግዲህ የተላጠ ለውዝ እንደሚመጣለት ነገረችው።

ጋሽ እሳት «ራቁቱን አልቆላም» አለ።

ምክንያቱን ቢጠይቁት አይናገርም። ልጁ በቀስታ አስረዳችው፣ ለመነችው፣ በመጨረሻ ተቆጣች። እሱ እንደ ልማዱ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ወደ እሳቱ ዞረ። ለውዝ ይነቅዛል፣ ነገር ይነቅዛል፣ ዝምታ ግን አይነቅዝም ማለቱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ በልቧ ሰደበችው፤ ወዲያው ደግሞ አባቴን ሰደብኩ ብላ ደነገጠች።

እትዬ አዘዘች፤ የተላጠው ለውዝ ወደ በርሜሉ ገባ። ጋሽ እሳት እንደ ወትሮው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ጭሱ ሲወጣ መጀመሪያ ማንም አላመነም። መዝጊያውን ሲስበው የወጣው ከሰል ነበር። ሁለተኛውን ደግሞ ፈርቶ ቶሎ አወጣው፤ ጥሬ ነው፣ ጥርስ ላይ ይንሸራተታል። እትዬ ያረረውን በትሪ ይዛ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ሰኞ አንድ ጊዜ እንደገና እንደሚሞከር ነገረቻቸው። ያኔም እንዲህ ከሆነ አንዱን መምረጧ አይቀርም፤ ወይ መቁያው ላይ ሌላ ሰው ታቆማለች፣ ወይ የቅቤውን ክፍል ዘግታ ሠራተኛውን ታሰናብታለች። ጋሽ እሳት ከእሳቱ ፊት ከተነሳ የሚሄድበት ሌላ ሥራ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ልጁ ወደ እሱ ቀረበች። «ሆን ብለህ ነው ያሳረርከው» አለችው። «ሥራዬ እንዳይሳካ ነው።»

አባቷ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

ወጥታ ወደ ጓሮ ሄደች፣ እንደ ልጅነቷ ክምሩ ላይ ወጥታ በጀርባዋ ተኛች። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ገለፈቱ ከሥሯ ዝቅ፣ ከጎኗ ከፍ እያለ ተቀበላት፤ አላደገችም እንዴ ያሰኛል። ዓይኗን ስትጨፍን ኮረብታው ቀስ ብሎ ተነሳ። ከጣሪያዎቹ በላይ ሲሆን እናቷ ከታች ሆና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ የምትፈልጋት መሰላት።

የእግር ኮቴ ሰምታ ነቃች። አባቷ ነው። ከክምሩ ግርጌ ቆሟል፤ ልጁ ካለችበት ሦስት ርምጃ ቢሆን ነው። ፊቱን ቀጥታ ወደ እሷ አድርጎ ያያታል። እሷም አየችው፤ ኩርፊያዋ ስላልወጣላት ዝም አለች።

«ልጄ» ብሎ ተጣራ።

ፊት ለፊቱ ናት። ዓይኗ ዓይኑ ውስጥ ነው። የቀላ ጋዋኗን እንደለበሰች ቀዩ ክምር ላይ ተኝታለች፤ እሱ ግን ራሱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረና አሁንም «ልጄ፣ እዚህ ነሽ?» አለ። አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ።

ያ ሁሉ «ጥሩ ነው» አንድ በአንድ ትዝ አላት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ስታነሳ፣ እሱ ፊቱን ወደ እሳቱ ሲያዞር። ያሳለፈችው የኩርፊያ ዘመን ሁሉ በአንድ ጊዜ አፈር ሆኖ አፏን ሞላው።

«እዚህ ነኝ፣ አባዬ» አለችው፤ ወርዳም እጁን ያዘችው።

ክምሩ ሥር ተቀመጡ። ዓይኑን ጉም ከያዘው ቆይቷል። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን ነበር፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ግን መሐሉ ድረስ ገብቷል። ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ ሕመሙ ከዓይኑ ኋላ ስለሆነ የሚገፈፍ አይደለም ብለውታል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ መንገዱን በልማድ ያውቃል። ለውዝ የሚቆላው ግን የቀለሙን ለውጥ እያየ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ስለሚያምን፣ ቀለም አላይም ብሎ ለማን ይናገራል?

«ታዲያ እንዴት ነበር የምትቆላው?» አለችው።

«ገለፈቱ ነው የሚነግረኝ። ጥሬ ሳለ ዝም ይላል። ሲሞቅ ከፍሬው ይላቀቃል፤ ያኔ ማንሾካሾክ ይጀምራል። ሲበስል የደረቀ ቅጠል የረገጥሽ ነው የሚመስልሽ። እሱን ስሰማ እስበዋለሁ። አንቺ ያመጣሽልኝ ግን ዲዳ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም? ለእኔ እንኳ?»

«አንቺማ አንድ ነገር እያየሽ ነበር» አለ አባቷ፤ «የማያይ አባት ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው።»

እዚያው አለቀሰች። ያለችውን ክፉ ቃል መልሳ ልትውጠው ብትችል በቀይ ውሃ አወራርዳ ትውጠው ነበር። እሱ ጀርባዋን እየዳሰሰ ቆየና ያ ጠርሙስሽ ምን ዓይነት ቀይ ነው ብሎ ጠየቃት። ልትነግረው ሞከረች፤ ሸክላ አለች፣ የመሸበት ሰማይ አለች፣ አልሆነላትም። ተነስታ ከክፍሏ በውሃ ብቻ የዘፈዘፈችውን ጠርሙስ አመጣችና አንድ ጠብታ ምላሱ ላይ አደረገችለት። የሽማግሌው ፊት ተጨማደደ፤ ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሳቀ።

«ዝናብ ነው» አለ። «አፍሽ ቀልቶ የገባሽ ቀን።»

ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው። የተላጠው በርሜሉን ይሙላ፤ ግን አንድ እፍኝ ከነልብሱ ያለ ለውዝ ቢቀላቀልበትስ? ዲዳዎቹ መሐል ጥቂት ተናጋሪ ቢገባስ? እሑድ ጠዋት፣ ቤቱ ባዶ ሳለ ገብተው ሞከሩት። እሷ ማራገቢያውንም የቅቤውን መፍጫም አላስነሳችም። ከእሳቱ ሽውታና ከበርሜሉ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። አባቷ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ እሷም ዓይኗን ጨፈነች። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከሕልም ውስጥ የሚመጣ የመሰለ፣ ስስ ሹክሹክታ ሰማች። «አሁን» አለ አባቷ፤ መዝጊያውን ሳበው። ለውዙ ወርቅ ሆኖ ወረደ።

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። ሰኞ ቤቱ ባዶ አይሆንም። ማራገቢያው አለ፣ በሚቀጥለው ክፍል መፍጫው አለ፣ ከሁሉ በላይ ራዲዮ አለች። አንድ እፍኝ ገለፈት ከዚያ ሁሉ ጩኸት ጋር እንዴት ይታገላል? ዝም በሉ ብላ ልትለምናቸው አሰበች፤ አባቷ ግን እጇን ጨብጦ ለማንም እንዳትናገር አስማላት። «ለምን ብለው ይጠይቁሻል» አላት። «ካወቁ ያዝኑልኛል። ካዘኑልኝ እዚያ ልቆም አልችልም።» ማለችለት።

ሰኞ እትዬ ወንበር አስመጥታ መቁያው ፊት ተቀመጠች። ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች እንደሚባለው፣ ለውዙን በዓይኗ ካላየች የምትሰማው ነገር የለም። የተላጠው ገባ፤ ልጅቱም ያቺን እፍኝ ጣል አደረገችበት። ማራገቢያው ያጓራል፣ መፍጫው ያንገጫግጫል፣ ለቃሚዎቹ ትሪያቸውን ያንሿሿሉ። ራዲዮ ስለ እህቷ ባል ወሬ ይዛለች። ሰውየው በጣም ሞኝ ነው፣ ወደ ገበያ የላኩት ዕለት ነው ነገሩ የመጣው፤ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይወጣል።

አባቷ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠጋ። በግንባሩ ላብ ወረደ። ሙቀቱ ሲጨምር ልጅቱ በበርሜሉ አፍ በኩል ቀለሙን አየችው፤ ነጩ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው። «አሁን» ብላ ልትነግረው ትችላለች። ዛሬ ብትነግረው ነገስ? እትዬስ ስትሰማ ምን ትላለች? ዝም በሉ ብትል መሐላዋን አፈረሰች፤ ዝም ብትል አባቷ አለቀለት። አባቷ እጁን ወደ መዝጊያው ሰደደ፣ መለሰው፣ እንደገና ሰደደ። ልጅቱ አፏን ከፈተች።

«የእህቴ ባል በር ሊገዛ ሄዶላችሁ...» አለች ራዲዮ።

ከዚያ አፏን ዘጋች።

እንዲሁ፣ ከወሬው መሐል። አንድ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ከጎኗ ያለችው ትሪዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ቀጥሎ ያለችውም እንዲሁ። አንዷ ተነስታ በባዶ እግሯ፣ ኮቴዋ ሳይሰማ ሄዳ ማራገቢያውን አጠፋችው። ሌላዋ በበሩ ብቅ ብላ ለመፍጫ ቤቱ ምልክት ሰጠች፤ መፍጫውም ቆመ። እትዬ ወንበሯ ላይ ልታስል ነበር መሰል፤ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳሏን ዋጠችው። ያ ጩኸት የማያጣው ቤት ውሃ ውስጥ የገባ ያህል ጸጥ አለ። ማንም አልጠየቀም፤ ማንም ለማንም አላስረዳም። ልጅቱ ባዶውን መተላለፊያ አየች፤ መጥረጊያ የማይወድቅበትን ያን መንገድ። የራዲዮ የቅርጫት ዜና ለማን ይተላለፍ እንደነበርም ገባት።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያቺ አንድ እፍኝ መናገር ጀመረች። ስስ ናት፤ ግን ሁሉም ሰማት። ጋሽ እሳት ትከሻው ወረደ፤ መዝጊያውን ሳበው።

የፈሰሰው ለውዝ አንድ ቀለም ነበር። እትዬ አንዱን አንስታ በጥርሷ ሰበረችውና እያኘከች ቆየች። ከዚያ ተነስታ ወንበሩን በእጇ ይዛ፣ መተላለፊያው ላይ ሳትተወው፣ ወደ ቢሮዋ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ከነገ ጀምሮ ከአንድ እፍኝ በቀር ሁሉም ለውዝ ተልጦ እንደሚቆላ፣ እሳቱም ያው የጋሽ እሳት እንደሆነ ተናገረች።

አባቷ መዝጊያውን እንደያዘ ፊቱን ከእሳቱ አላዞረም። ልጁ ስትጠጋው ጉንጩ ረጥቦ አየችው።

«ነግረሻቸው ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«አልነገርኳቸውም፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ታዲያ የሚያውቁት?»

«እኔ እንጃ። ከእኔ በፊት ነው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ዝም አይነቅዝም ሲል የኖረው ስለ ራሱ ዝምታ ነበር፤ ሌሎቹም የራሳቸው ዝምታ እንደነበራቸው አላወቀም። ማራገቢያው ተነሳ፣ መፍጫውም ማንገጫገጩን ቀጠለ፣ ትሪዎቹም መንሿሿት ጀመሩ። ራዲዮ ጉሮሮዋን ጠረገች፤

«...መስኮት ይዞ መጣላችሁ» አለች።